ነዳጁ ከባሕር ማዶ፣ መብራቱ ከጉባ



በዚህ ወር የምንወያይበት ርዕስ መኪና ነው። “መኪና የሌለን ሰዎች ስለ መኪና ገበያ ምን አገባን?” የምትሉ እንደማትጠፉ እገምታለሁ። ይሁንና ወደ ገበያችን የሚመጣው ዘይትና ስኳር፣ ልጆቻችን የሚጽፉበት ደብተር፣ ከጤና ጣቢያ ወደ ሆስፒታል የምትላክ ነፍሰ ጡር፣ ሁሉም የሚጓዘው በመኪና ነው። የነዳጅ ዋጋ ሲጨምር ባለ መኪናው በማደያ ይከፍላል፤ መኪና ተሳፍረው የማያውቁት እናታችን ደግሞ በሱቅ ይከፍላሉ። እንግዲያው ጉዳዩ የሁላችንም መሆኑ አያጠራጥርም።

በተለይም እኛን የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ሰዎች የሚመለከት ሌላ ምክንያት አለ። እንደሚታወቀው ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. የመሠረት ድንጋዩ ተጥሎ፣ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው በጉባ ወረዳ ነው። በ13 ተርባይኖቹ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። በመሐሉ፣ በጥር 2016 ዓ.ም.፣ የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር ከኤሌክትሪክ በስተቀር ሌላ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ መወሰኑን አስታወቀ። በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ በማገድ አገራችን ከዓለም የመጀመሪያዋ ሆነች። ሁለቱ ነገሮች የአንድ ገመድ ሁለት ጫፎች ናቸው፤ መኪናው አዲስ አበባ ላይ ይሽከረከራል፣ ኃይሉ ግን ከዚህ ከጉባ ይነሣል። ታዲያ ከጉባ የሚወጣው መብራት የጉባንና የአሶሳን ወጣት ምን ይጠቅመዋል? መልሱን ለማግኘት አስቀድመን ሌሎች አገሮች ምን እንዳደረጉ እንመልከት።

የመኪናን ገበያ የሚመራው ማን ነው?

ብዙዎቻችን መኪና የሚመረጠው በገዢው ፍላጎት ይመስለናል። የየአገሩ ገበያ ሲመረመር ግን ከገዢው በፊት የሚወስኑ ሦስት ነገሮች ይገኛሉ። አንደኛው ቀረጥና ታክስ ነው። ሁለተኛው አገሩ ያለው የኃይል ምንጭ ነው። ሦስተኛው መኪናውን ራሱ ይሠራል ወይስ ከሌላ ይገዛል የሚለው ነው።

ኖርዌይን እንውሰድ። ሕዝቧ አምስት ሚሊዮን ተኩል ያህል ሲሆን የቤት መኪኖቿ ወደ ሦስት ሚሊዮን ይጠጋሉ። ነዳጅ አውጥታ ለዓለም የምትሸጥ አገር ናት። የምትጠቀምበትን ኤሌክትሪክ ግን አብዛኛውን የምታገኘው፣ እንደ እኛው፣ ከወንዞቿ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ ጀምሮ በነዳጅ መኪና ላይ ከባድ ታክስ እየጣለች ለኤሌክትሪኩ ታክሱን አነሣችለት። ውጤቱ ወዲያው አልመጣም፤ ከሠላሳ ዓመት በላይ ፈጀ። እ.ኤ.አ. በ2024 ከተሸጡት 100 አዲስ መኪኖች 89ኙ ሙሉ በሙሉ በኤሌክትሪክ የሚሠሩ ነበሩ፤ በ2025 ደግሞ ወደ 96 ደረሱ። እዚህ ላይ ልብ ልንለው የሚገባ ነገር አለ። ኖርዌይ የነዳጅ መኪናን በሕግ አላገደችም። ዋጋውን አስወደደች፣ ሰዉም ሒሳቡን ሠርቶ በራሱ ተወው።

ቻይና በሌላ በር ገባች። እ.ኤ.አ. በ2009 አሜሪካን በልጣ የዓለም ትልቁ የመኪና ገበያ ሆነች። በነዳጅ ሞተር ሥራ ጀርመንና ጃፓን በመቶ ዓመት ልምድ ስለቀደሟት፣ ሁሉም እኩል በሚጀምርበት በባትሪው በኩል መሽቀዳደምን መረጠች። እ.ኤ.አ. በ2024 ከተሸጡት 31 ሚሊዮን ያህል ተሽከርካሪዎች ወደ 13 ሚሊዮን የሚጠጉት በሶኬት ቻርጅ የሚደረጉ ነበሩ። ዛሬ በአዲስ አበባ ጎዳና ላይ የምናያቸው የኤሌክትሪክ መኪኖች አብዛኞቹ፣ የጀርመን ስም የያዙት ሳይቀሩ፣ ከቻይና ፋብሪካ የወጡ ናቸው።

አሜሪካ ነዳጅ በገፍ የምታወጣና በርካሽ የምትሸጥ አገር በመሆኗ ሰዉ ለመለወጥ አይቸኩልም። ለገዢው ይሰጥ የነበረው እስከ 7,500 ዶላር የሚደርስ የታክስ ቅናሽም እ.ኤ.አ. መስከረም 30 ቀን 2025 አበቃ። ጀርመን በ2023 መጨረሻ ድጎማዋን በድንገት ስታቋርጥ በተከታዩ ዓመት የኤሌክትሪክ መኪና ሽያጯ ከሩብ በላይ ወረደ። ጃፓን ደግሞ ነዳጅና ባትሪን አዳብሎ የሚሠራውን ሃይብሪድ እ.ኤ.አ. በ1997 ለዓለም ያስተዋወቀች አገር ናት፤ በዚያው በመርካቷ ሙሉ የኤሌክትሪክ መኪና በገበያዋ ከመቶ ሦስት እንኳ አልሞላም።

ወደ ጎረቤት ስንመለስ፣ ኬንያ ከጃፓን የሚመጡ ያገለገሉ መኪኖችን ታስገባለች፤ ዕድሜያቸው ከስምንት ዓመት እንዳይበልጥ ገደብ አድርጋለች። ሩዋንዳ የቤት መኪናውን ትታ በሞተር ብስክሌት ጀመረች። እ.ኤ.አ. ከጥር 2025 ጀምሮ በኪጋሊ አዲስ የሚመዘገብ የታክሲ ሞተር ብስክሌት የኤሌክትሪክ እንዲሆን ደነገገች። ይህችን የሩዋንዳን ነገር ያዙልኝ፤ ወደ በኋላ ትጠቅመናለች።

የእኛስ ገበያ?

የኢትዮጵያ ሕዝብ ከ100 ሚሊዮን ካለፈ ቆይቷል። ተሽከርካሪዎቻችን ግን የጭነቱም፣ የሕዝቡም፣ የቤቱም ተደምረው ከአንድ ሚሊዮን ጥቂት ከፍ የሚሉ ናቸው። ለብዙ ዘመን ገበያችን ሌላው አገር ነድቶ የጠገበውን ቶዮታ የሚቀበል ገበያ ነበር። ሃያ ዓመት ያለፈው ኮሮላ ከቦታ ዋጋ ጋር እየተወዳደረ የሚሸጥበት፣ መኪና ከተገዛበት በላይ የሚሸጥበት አገር ከእኛ ሌላ ስንት ይገኝ ይሆን? መኪና ለሐበሻ ቤተሰብ እንደ ባንክ ደብተር ሆኖ ኖሯል።

ይህ ገበያ በጥቂት ዓመታት ውስጥ በተከታታይ ተናጋ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ በዕድሜ የገፉ ያገለገሉ መኪኖች ላይ ከዋጋቸው በእጥፍ የሚበልጥ ታክስ ጣለ። በዚያው ዓመት ሐምሌ የአትሌት ኃይሌ ገብረሥላሴ ማራቶን ሞተርስ እዚሁ አገር የገጣጠማት የኤሌክትሪክ ሃዩንዳይ ለሕዝብ ታየች። ከእገዳው አስቀድሞ መንግሥት ለኤሌክትሪክ መኪና የቀረጥ ማበረታቻ ሰጥቶ ነበር፤ ተገጣጥሞ ለሚገባው 15 በመቶ፣ በከፊል ለተገጣጠመው 5 በመቶ፣ ተበታትኖ መጥቶ እዚህ ለሚገጣጠመው ደግሞ ምንም። ከዚያ በጥር 2016 ዓ.ም. እገዳው መጣ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ደግሞ ከውጭ የሚመጣ ነገር ሁሉ ዋጋው ተሰቀለ።

ነዳጁም አልቆመም። በ2014 ዓ.ም. ሰኔ ወር ከ37 ብር በታች የነበረው አንድ ሊትር ቤንዚን በ2017 ዓ.ም. አጋማሽ ከ100 ብር አለፈ። መንግሥት ለነዳጅ በዓመት በቢሊዮን የሚቆጠር ዶላር ያወጣል፤ ይህን ዶላር የምናገኘው ቡናና ወርቅ ሸጠን ነው። የአሶሳ ወርቅ ወጥቶ ይሸጥና ቤንዚን ሆኖ በጅቡቲ በኩል ይመለሳል እንደማለት ነው። ቦቴው ከጅቡቲ ተነሥቶ አሶሳ እስኪደርስ ከ1,500 ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዛል። መንገዱ በጸጥታ ችግር በተዘጋባቸው ጊዜያት ነዳጁ ምን ያህል እንደሚጠፋና በሃይላንድ ጠርሙስ የሚሸጠው ቤንዚን ምን ያህል እንደሚወደድ ለአንባቢዎቼ መንገር አያስፈልገኝም።

ሒሳቡን አብረን እንሥራ

እንግዲህ አንድ መካከለኛ የቤት መኪና 100 ኪሎ ሜትር ለመሄድ 8 ሊትር ያህል ቤንዚን ይጠጣል። ሊትሩን በ100 ብር ብቻ ብናስበው 800 ብር ነው። ተመሳሳይ የኤሌክትሪክ መኪና ለዚያው መንገድ 18 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ይበቃዋል። ኪሎ ዋት ሰዓት ማለት በቤታችን ቆጣሪ ላይ የሚቆጥረው ነው። አንዱን 10 ብር አድርገን አስወድደን ብናስበው እንኳ 180 ብር ይሆናል። ልዩነቱ ግልጽ ነው።

“ይህ ሁሉ መኪና መብራታችንን አይጨርስብንም ወይ?” የሚል ስጋት በብዙዎች ዘንድ አለ። ይህንንም እናስላ። የመንግሥት ባለ ሥልጣናት በ2017 ዓ.ም. የአገሪቱ የኤሌክትሪክ መኪኖች ከ100,000 በላይ መድረሳቸውን ተናግረዋል። 100,000 መኪኖች እያንዳንዳቸው በዓመት 15,000 ኪሎ ሜትር ቢነዱ የሚፈጁት 270 ሚሊዮን ኪሎ ዋት ሰዓት ነው። ከሕዳሴ ግድብ በዓመት ይመነጫል ተብሎ የታቀደው ደግሞ ወደ 15,700 ሚሊዮን ኪሎ ዋት ሰዓት ነው። ስለዚህ መኪኖቹ የሚወስዱት ከግድቡ ምርት ከመቶ ሁለት እጅ እንኳ አይሞላም። የሚያሰጋው የውኃው ማነስ አይደለም። የሚያሰጋው ሽቦው፣ ትራንስፎርመሩና ቆጣሪው ነው።

ከሽቦው ሥር ያለ ጨለማ

እዚህ ላይ ወደ ራሳችን እንመለስ። ከጉባ የሚነሣው ባለ 500 ኪሎ ቮልት መስመር በደዴሳ በኩል አድርጎ ወደ ሆለታ ይሄዳል። ከሥሩ ያለው መንደር ግን ከዚህ መስመር በቀጥታ አምፖል ማብራት አይችልም። ኃይሉ መጀመሪያ በማከፋፈያ ጣቢያ መቀነስ፣ ከዚያ በመካከለኛ መስመር መጓዝ፣ በመጨረሻም በትራንስፎርመር ለቤት መስማማት አለበት። ነገሩ ጥልቅ ገደል ውስጥ እንደሚሄድ ወንዝ ነው፤ ከዳር ቆመው ድምፁን ይሰማሉ፣ ቅል ግን አይደርስበትም። ከአገራችን ሕዝብ ግማሽ ያህሉ ገና መብራት አላገኘም፤ ከመስመሩ ሥር ያሉ ብዙ መንደሮችም ከእነዚህ ውስጥ ናቸው። ለግድቡ ሲባል ከቀዬአቸው የተነሡ የጉሙዝ ወገኖቻችን ልጆች ማታ በምን ብርሃን እንደሚያጠኑ መጠየቅ ምቀኝነት አይደለም፤ ፍትሕን መጠየቅ ነው።

መንገዱም ሌላ ጉዳይ ነው። ከአሶሳ በመንዲ፣ በነቀምትና በአምቦ አድርጎ አዲስ አበባ ለመድረስ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። አብዛኛው የኤሌክትሪክ መኪና በአንድ ሙሊት ከ300 እስከ 450 ኪሎ ሜትር ቢሄድ ነው፤ ዳገቱና ጭነቱ ሲታከልበት ከዚያም ያንሳል። በ2017 ዓ.ም. ኢትዮ ቴሌኮም በአዲስ አበባ ፈጣን የቻርጅ ማድረጊያ ጣቢያ ከፍቷል። ለእኛ የሚበጀን ግን እንዲህ ያለው ጣቢያ በነቀምት፣ በመንዲና በአሶሳ ሲተከል ነው። የጉባ ቆላ ሙቀትም መረሳት የለበትም። ከፍተኛ ሙቀት ባትሪን ቶሎ ያስረጃል፤ መኪናን በጥላ ማቆምና ባትሪውን ለዘወትር እስከ 80 በመቶ ብቻ መሙላት ብዙ ጊዜ የሚመከረው ለዚህ ነው።

ከአውቶሞቢሉ በፊት ባጃጁ

ታዲያ ለእኛ አካባቢ ለውጡ ከየት ይጀምር? የእኔ አስተያየት ከባጃጁ ይጀምር የሚል ነው። ምክንያቱን ላስረዳ።

የቤት መኪና ባትሪ 60 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ይይዛል። ከተራ የቤት ሶኬት ላይ፣ በሰዓት 2 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ብንወስድ፣ ከባዶ ተነሥቶ ለመሙላት ከአንድ ቀን በላይ ይፈልጋል። መብራት በሚቆራረጥበት ከተማ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ታውቁታላችሁ። የኤሌክትሪክ ባጃጅ ባትሪ ግን 8 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ነው። ከመግሪብ በኋላ ቢሰካ፣ መብራት ሁለት ሰዓት ቢጠፋ እንኳ፣ ለሱብሒ ሞልቶ ያድራል። ልዩ ጣቢያ አያስፈልገውም። ቀኑን ሙሉ የሚመላለሰው በከተማ ውስጥ ስለሆነ የርቀት ስጋት የለበትም። ገቢውም ለአንድ ቤተሰብ እንጀራ ነው፤ ከነዳጅ የሚተርፈው ገንዘብ በቀጥታ ወደ ልጆች ሰሐን ይገባል።

ይህ ምኞት ብቻ አይደለም። ባጃጅን ለዓለም ያስለመደችው ህንድ እ.ኤ.አ. በ2023 ከሸጠቻቸው ባለ ሦስት እግር ተሽከርካሪዎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት የኤሌክትሪክ ነበሩ። ቀደም ሲል ያዙልኝ ያልኳችሁ የሩዋንዳ ነገርም ይኸው ነው። ባለ አነስተኛ ገቢ አገር ለውጡን ከድሃው መጓጓዣ ሲጀምር ጥቅሙ ለብዙ ሰው ይደርሳል። ከሀብታሙ መኪና ሲጀምር ግን የታክስ ቅናሹን የሚያገኘው አስቀድሞም ገንዘብ የነበረው ሰው ነው።

ለወጣቶች፦ የትኛውን ሙያ?

በክፍል ውስጥ ተማሪዎች ደጋግመው ከሚያነሡት ጥያቄ አንዱ “ቲቸር፣ አሁን መካኒክነት መማር ዋጋ አለው?” የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። የኤሌክትሪክ መኪና የሞተር ዘይት አይቀየርለትም፣ ካንዴላ የለውም፣ ነዳጅ ፓምፕ የለውም፣ ማርሚታ አይበሳበትም። ጋራዥ የሚኖርበት ሥራ ግማሹ በዚህ ይቀራል።

ይሁን እንጂ ተስፋ መቁረጥ አይገባም። አንደኛ፣ ዛሬ በመንገድ ላይ ያሉት የነዳጅ መኪኖች በአንድ ሌሊት አይጠፉም፤ አዲስ ስለማይገባ አሮጌውን አድኖ ማኖር እንዲያውም የበለጠ ይፈለጋል። ሁለተኛ፣ ጎማ፣ ፍሬን፣ ባሎስትራና ቦዲ በሁለቱም መኪና ላይ አለ። ሦስተኛና ዋነኛው፣ የባትሪ ምርመራ፣ የኃይል መቆጣጠሪያ ጥገና፣ የቻርጀር ገጠማና የቤት መስመር ዝርጋታ የሚያውቅ ሰው በአገሩ ሁሉ ጥቂት ነው። በዚህ ሙያ ዛሬ የሚጀምር የአሶሳ ልጅ ከአዲስ አበባው ልጅ ብዙም ወደ ኋላ አይደለም፤ ሁለቱም ገና እየጀመሩ ነው። ቻይና በአገር ደረጃ ያደረገችው ይህንኑ ነበር። ዛሬ ስሙ የገነነው ቢ.ዋይ.ዲ. እ.ኤ.አ. በ1995 ሲቋቋም ባትሪ ብቻ የሚሠራ ድርጅት ነበር፤ ወደ መኪና ሥራ የገባው በ2003 ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ ግን ልጨምር። የአሮጌው መኪና ባትሪ 12 ቮልት ነው፤ ቢነካም አይገድልም። የኤሌክትሪክ መኪና ባትሪ 400 ቮልትና ከዚያም በላይ ነው። ያለ ሥልጠናና ያለ መከላከያ ጓንት ብርቱካናማውን ሽቦ መንካት ከሞት ጋር መጫወት ነው። “እያዩ መልመድ” የሚለው የጋራዥ ልማድ እዚህ ላይ አይሠራም። የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆቻችን ይህን ትምህርት ቶሎ እንዲጀምሩ ወላጆች መጠየቅ ያለባቸው ለዚህ ነው።

ለመግዛት ለሚያስብ ቤተሰብ

ለመኪናም ሆነ ለባጃጅ መግዣ ብድር የሚፈልግ ሙስሊም ወለድ ውስጥ ለመግባት አይገደድም። እ.ኤ.አ. ከ2021 ወዲህ እንደ ዘምዘምና ሒጅራ ያሉ ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ የሆኑ ባንኮች ተከፍተዋል፤ ሌሎች ባንኮችም ከወለድ ነፃ መስኮት አላቸው። በሙራበሓ ውል ባንኩ ዕቃውን ራሱ ገዝቶ የእሱ ካደረገ በኋላ፣ ትርፉን አሳውቆ፣ በተወሰነ ዋጋ በየወሩ በሚከፈል ይሸጥልናል። ውሉን ከመፈረም በፊት ባንኩ በእርግጥ ዕቃውን መግዛቱንና ዋጋው የማይለወጥ መሆኑን ማረጋገጥ የገዢው ድርሻ ነው።

ያገለገለ የኤሌክትሪክ መኪና ሲገዛ ደግሞ ቀለሙንና ኪሎ ሜትሩን ማየት አይበቃም። ከመኪናው ዋጋ ትልቁን ድርሻ የሚይዘው ባትሪው ነው፤ እሱ ደክሞ ከሆነ የቀረው ቆርቆሮ ነው። በመመርመሪያ መሣሪያ የባትሪውን ጤንነት በመቶኛ ማየት ይቻላል። ሻጭም ባትሪው መድከሙን እያወቀ ዝም ካለ፣ በሸሪዓችን የዕቃን ዐይብ ደብቆ መሸጥ መሆኑን አይርሳ። አዲስ ገበያ ላይ ገዢው የማያውቀው ብዙ ነው፤ የሻጭ አማና የሚፈተነውም ያኔ ነው።

ማጠቃለያ

ከዓለም ገበያዎች የምንማረው ይህ ነው፦ ለውጡን ታክስ ይጀምረዋል፣ የራስ ኃይል ያዘልቀዋል፣ ሙያ ደግሞ ጥቅሙ ማን እጅ እንደሚገባ ይወስነዋል። መንግሥት ታክሱን አስተካክሏል፤ ውኃውም አላህ የሰጠን ነው። የቀረው ሦስተኛው ነው። የጉባ መብራት መጀመሪያ ጉባን እንዲያበራ፣ የቻርጅ ጣቢያው ወደ ምዕራቡ መንገድ እንዲደርስ፣ የኤሌክትሪክ ባጃጅ ለሚገዛ ወጣት ከመኪናው ያላነሰ ማበረታቻ እንዲሰጥ መጠየቅ መብታችን ነው። ልጆቻችንን ማስተማር ግን ከማንም የምንጠብቀው አይደለም፤ በያዝነው ዓመት፣ በየቤታችን ልንጀምረው እንችላለን።

በሚቀጥለው ወር ኢንሻአላህ በሌላ ርዕስ እስክንገናኝ፣

ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።